መስቀሉን በበረኪና ያጠብኩ ሰሞን

የካቲት 15፣ 2018፣ እሑድ

ለማንም ያልነገርኩትን ነገር እዚህ ልጻፈው። ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ያለውን የብረት መስቀል በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነበር፣ የቅበላ ዋዜማ። የጽዳት ተራው የእኔ ነበር። መሰላል ላይ ወጣሁ፣ በረኪናውን ሳላቀጥን ረጨሁ፣ በጨርቅ ፈገፈግሁት። የውጭው ቧንቧ በረዶ ሆኖ ስለነበር አላለቀለቅሁትም። እኔ ባደግሁበት ቤት በረኪና ያልነካው ነገር ንጹሕ አይባልም ነበር፤ ወለሉም፣ ሰሃኑም፣ የበሽተኛ አንሶላውም። ዳውንታውን በማጸዳበት ሕንፃ የዕቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን "በረኪና ብረት ላይ መጠቀም ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ። አንብቦ ዝም ማለት የቆየ ልማዴ ነው።

ከዚያ በረዶ ጣለ። ትናንት ፀሐይ ወጣችና ቀለጠ። ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ከመስቀሉ ግርጌ በነጩ ግድግዳ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቀይ መስመር ወርዷል። ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

"ደም ነው" አለች ጌጥነሽ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ጌጥነሽ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ እዚህ ኮሎራዶ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው አፓርትመንታችን ከእኔ በላይ ያለው ቤት የእሷ ነው። ከኋላዋ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ።

እኔም ስልኬን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም።

የካቲት 17

በችኮላ። አውቶቡሱ ሊደርስ ነው። ቪዲዮውን አርባ ሺህ ሰው አየው ተባለ። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው መጥቷል። ጌጥነሽ የመጀመሪያዋ ምስክር ስለሆነች ሦስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ሰጥታለች። በሦስተኛው ላይ "ስነካው ይሞቅ ነበር" ብላለች። መሰላል ካልተወጣ እጅ እንደማይደርስበት የማውቀው እኔ ነኝ።

እሑድ እናገራለሁ።

የካቲት 20

ትናንት ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ኢሳይያስ ዳውንታውን የአንድ ትልቅ ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ስብሰባም እንደ መኪና ይደረድራሉ። "የክስተቱ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ" የሚባል፣ ሰባት አባላት ያሉት ነገር አቋቋሙ። ንዑስ ኮሚቴው እዚያው ተነሥቶ ወጣ፣ ግድግዳውን በስልክ መብራት አየ፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ። በአምስት ድጋፍና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ደም መሆኑ ተወሰነ።

ቀሲስ ኢዩኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዝገትም ሊሆን ይችላል እኮ" አሉ።

"አባታችን፣ አጀንዳው ተዘግቷል" አሉ አቶ ኢሳይያስ። "ለሚቀጥለው ስብሰባ 'ልዩ ልዩ' ከሚለው ሥር እናስገባልዎታለን።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ስኳር አዞርኩ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሄዋን መጣች። ልጄ ነርስ ናት፤ ዴንቨር ትኖራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታየኛለች። ራሴን አሞኝ አንድ ክኒን ስጪኝ ብላት የጠርሙሱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሥራ ቦታዋ "ትሪፕል ቼክ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ሰሃን ስታወርድ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ክብ የዝገት ምልክት አየች።

"እማዬ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?"

"የሻይ ቆርቆሮ የነበረበት ነው።"

ቆርቆሮው አሁንም አለ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ። ውስጡ ያለው ሻይ አይደለም። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

"መስቀሉ ግን ረስት ነው አይደል? ዝገት፣ ጀስት ረስት" አለችኝ ካፖርቷን ስትለብስ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"የሃይስኩል ኬሚስትሪ መጽሐፌ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ አለልሽ። አውጥተሽ አንብቢው።" ልጄ ታውቀኛለች። የማነበው ሳጣ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት እንኳ ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ።

የካቲት 22፣ እሑድ

አልተናገርኩም። መናገሪያ ቦታም አልነበረም።

አቶ ኢሳይያስ ከሥራ ቦታቸው ብርቱካንማ የፓርኪንግ ኮኖች አምጥተው ሕዝቡን በሁለት መስመር አሰልፈዋል። ጠርሙስ የያዘ በቀኝ፣ ሊሳለም ብቻ የመጣ በግራ። ሁሉም ተራ ቁጥር ይወስዳል። ቁጥር የሌለው ሰው ሲጠጋ "ወንድሜ፣ ሪቨርስ አድርግ" ይሉታል።

መስመሩ እጅ እስከሚደርስበት ወርዶ፣ ሰፍቶ ቅርጽ አውጥቷል። አንዱ ሰውዬ የትውልድ ወረዳቸውን ካርታ አየሁበት አሉ። ከጎናቸው የቆሙት ደግሞ የራሳቸውን ወረዳ አዩ። ወዲያው ድንበሩ ላይ ተጣሉ። "ወንዙን ወዴት ወሰዳችሁት?" ሲሉ ሰማሁ። ገላጋይ ሆነው የገቡት ሦስተኛው ሰው ሌላ ካርታ ይዘው ወጡ።

ጌጥነሽ ጠብታውን በጋሎን ውሃ አቅጥና ጠዋትና ማታ ትጠጣለች።

"ግፊቴ ወርዷል" አለችኝ።

"በምን ለካሽው?"

"ይታወቀኛላ።"

የካቲት 27

መጽሐፉ ሰባት መቶ ገጽ ነው። ስለ ዝገት ያለበትን ምዕራፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። የገባኝን እንዳልረሳው ልጻፍ።

ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ይህ መስጠት ኦክሲዴሽን ይባላል። ከአየርና ከውሃ የመጣው ኦክስጅን ደግሞ የተሰጠውን ይቀበላል። ይህ መቀበል ሪዳክሽን ይባላል፣ መቀነስ ማለት ነው። የተቀበለው እንዴት "ቀነሰ" ይባላል ብዬ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። ለካ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ስለሆነ፣ በተቀበሉት ቁጥር ሒሳቡ ወደ ታች ይወርዳል። አቶ ኢሳይያስ አዲስ ኃላፊነት በተቀበሉ ቁጥር የሚሆኑትን ሳስብ ነው የተገለጠልኝ።

በረኪና ዋና ነጣቂ ነው። እድፍን የሚያጠፋው ከቀለሙ ኤሌክትሮን ነጥቆ ነው። ስለዚህ እድፉ ሁልጊዜ ከጨርቁ ለቅቆ ሄዷል ማለት አይደለም፤ እንዳይታይ ተደርጓል። ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና ትንሽ ተቀመጥኩ።

ዋናው ግን በወፍራም ጽሑፍ የተጻፈው ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሆኑም። አንዱ የሰጠውን የግድ ሌላው ተቀብሏል። አንድ ነገር እዚህ ከጠፋ፣ እዚያ ማዶ የተሸከመው ሰው አለ። "ሰው" ያልኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንዲህ አይልም።

መስኮቱ ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደርኩ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ በረኪና ያለበት ውሃ፣ አንዱ የምግብ ዘይት። በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ምስማር ጨመርኩ።

የካቲት 29

የበረኪናው ምስማር ገና በማግስቱ ቀላ። የውሃው ዛሬ ጀማምሯል። የዘይቱ ልክ እንደ ንዑስ ኮሚቴው ነው፤ ምንም አልነካውም።

መጋቢት 2

በረዶ ከጣለ ሰነበተ። ግድግዳው ደረቀ፣ ሰልፉም ተበሳጨ። ዛሬ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሻማ ልለኩስ ብገባ፣ ሊዑል ጣራው ላይ ቆሞ መስቀሉ ላይ በጎማ ውሃ ያፈሳል። አቶ ኢሳይያስ ከታች ሆነው "ቀስ፣ ቀስ፣ ጠብታ ብቻ!" ይላሉ። ሲያዩኝ ጃኬታቸውን አስተካከሉ።

"ወይዘሮ ምንትዋብ፣ እያገዝነው ነው" አሉኝ። "ማገዝ ክልክል ነው የሚል ነገር የለም።"

ሊዑል ሃቫና ስትሪት ላይ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ የሚሠራ ልጅ ነው። መስቀሉን የበየደው እሱ ነው። ከጣራው ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

"እትዬ፣ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ" አለኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር።

"እንዳይዝግ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የዚንክ ፕራይመር ነው የተውኩት። ለበዓል ድረስ ብለውኝ ቸኩዬ ነበር። ሰው ሲስመው ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። የእኔን ሥራ ነው የሚጠጡት።" ወደ ግድግዳው ተመለከተ። "ለማንም አይንገሩብኝ።"

"አይዞህ" አልኩት።

እዚያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃው ነበር። አይዞህ አልኩትና ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እኔ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዛሬ ለጌጥነሽ ነገርኳት። ከእሷ ልጀምር ብዬ ነው፣ ይቀላል ብዬ። ምስማሮቹንም በብርጭቋቸው ይዤላት ወጣሁ።

"ጌጤ፣ ደም አይደለም። ዝገት ነው። መስቀሉን በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየች፤ ከዚያ ሳቀች። "ታዲያ እግዚአብሔር በበረኪና መሥራት ያቅተዋል? የፈጠረው እሱ አይደል?"

ለዚህ መጽሐፉ መልስ የለውም። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የግፊት መድኃኒቷ ጠርሙስ እንዳለ ነው፣ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።

"ክኒንሽን አቁመሻል?"

"ደሙ ከታየ ጀምሮ።"

"ጌጤ፣ እሱ እኮ በድንገት—"

"ምን ጠቀመ?" አለችኝ። "ባልሽን ግዛውን አላየሽም? ክኒኑን አንድ ቀን ሳያስተጓጉል እየዋጠ እኮ ነው የሞተብሽ። ማን ነገረኝ? አንቺ ነሽ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። ልጅሽ ሳጥኑን ሞልታ፣ አንቺ ውሃ አቅርበሽ። ያንን የመሰለ ጎልማሳ ያላዳነ ክኒን እኔን ያድነኛል?"

ምስማሮቼን ይዤ ወረድኩ።

መጋቢት 7

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 9

ነገ።

ዛሬ በደረጃው ስትወጣ ቆማ ግድግዳ ያዘች። ጫማዬ ጠበበኝ አለች።

መጋቢት 13፣ እሑድ

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሣሁ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሦስቱን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሁሉንም ተናገርኩ። የበረኪናውን ማለቴ ነው።

ከዚያ አቶ ኢሳይያስ ብዕራቸውን አነሡ።

"ወይዘሮ ምንትዋብ፣ በረኪናው ስንት ፐርሰንት ነበር?"

ቀሲስ ኢዩኤል ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "እኔ በየካቲት ዝገት ነው ብያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም እንጂ።"

"'ልዩ ልዩ' ሥር ነበር፣ አባታችን። እስከዚያ አልደረስንም።"

ንዑስ ኮሚቴው እንደገና ወጥቶ፣ ግድግዳውን አይቶ፣ ተመለሰ። በአምስት ድጋፍና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ዝገት መሆኑ ተወሰነ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ኮኖቹ እንዲቀሩ ግን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ የመኪና ማቆሚያው ሥርዓት ይዟል።

ሊዑል በር ላይ ጠበቀኝ። "አራት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ፣ እትዬ" አለኝ። "ምናለ ቀድመው ቢነግሩኝ?" ይህን ያለኝ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ አራት ሳምንት ነው ያጣው። ስምንት ዓመት ያጣም ሰው አለ።

ጌጥነሽ ከዚያ በኋላም ጋሎኗን ይዛ ስትሄድ አየኋት። "ዝገትም ቢሆን የመስቀል ዝገት ነው" አለችኝ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ማታ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ጠዋት ከላይ ወለሉ ተደበደበ። ሮጬ ወጣሁ። ጌጥነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፣ ከአፍንጫዋ እየፈሰሰ ነጭ ነጠላዋ ላይ ቀይ መስመር ወርዷል። ይህኛው ደም ነበር። ለመለየት ኮሚቴ አላስፈለገም።

911 ደወልኩ። እሷ ግን "ጋሎኑን አምጪልኝ፣ ሐኪም አልፈልግም፣ ክኒን አልውጥም" ትላለች። አፍንጫዋን እንዴት እንደምትይዝ አሳየኋትና ወደ ታች ወረድኩ። ከስኒዎቹ ጀርባ ቆርቆሮውን አወጣሁ። ክዳኑ ዝጎ እምቢ አለኝ፤ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ ከፈትኩትና ወጥቼ ጭኗ ላይ ገለበጥኩት። አርባ አንድ ነጭ ክኒን።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የግዛው ነው። አልዋጠውም ነበር፣ ጌጤ። አንዱንም አልዋጠም። ዋሽቼሻለሁ።"

ነገርኳት። ግዛው በሞተበት ዓመት በጥቅምት ወር ለጠበል ሄዶ ሲመለስ ከግፊቱ ዳንኩ አለ። ሄዋን ያኔ የነርስ ተማሪ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰባት ቀኑን የክኒን ሳጥን ትሞላለታለች። እሷን እንዳያሳዝናት የየቀኑን ክኒን እያወጣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይከት ነበር። ካፖርቱን ላጥብ ስል አገኘሁት። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ በድንገት ማቆም ምን እንደሚያመጣ በግልጽ ተጽፏል። ግዛው በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ ቤታችንም ሰላም ነበር። ክኒኖቹን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ዳውንታውን የሚሠራበት የፓርኪንግ ጠባቂ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ክኒኖቹን ከኪሱ አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ የደበቅኋቸው እኔ ነኝ።

ጌጥነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ክኒኖቹን በጣቷ ነካካቻቸው።

"ሄዋንስ ታውቃለች?"

"ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይወስድ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንድም ቀን አላለፈውም አልኳት። 'እንግዲያው ሳጥኑን ተሳስቼ ሞልቼው ይሆናል' አለች።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ዝም አልኩ።"

የአምቡላንሱ ሰዎች ገቡ። አንደኛው የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጌጥነሽ እኔን አየች፤ ከዚያ ቆርቆሮውን አየች።

"ንገሪያቸው፣ ምንትዬ" አለችኝ። "ካቆምኩ አምስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው በያቸው። እውነቱን ንገሪያቸው።"

ግፊቷ ሁለት መቶ ዐሥር ነበር።

መጋቢት 21

ጌጥነሽ ደህና ናት። ዛሬ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ክኒኗን ስትውጥ ልይ ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ዋጠችና ምላሷን አወጣችልኝ። "ኪሴንም ፈትሺ" አለችኝ። ነገር ታውቃለች። ሳቅሁና ከዚያ አለቀስኩ።

መጋቢት 25

ለቀሲስ ኢዩኤል ነገርኳቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ንስሐ አባቴ ሆነው፣ በጾም ወጥ ቀምሼ እንደሆነ፣ ሰው አምቼ እንደሆነ ስነግራቸው ከርሜያለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም ነበር። እንዲህ አሉኝ።

"ሰማሁሽ፣ ልጄ። ግን ይህን ነገር ስምንት ዓመት የተሸከመችው ልጅሽ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ።"

ሁለቱ ተነጣጥለው አይሆኑም ይላል መጽሐፉም።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ነገ ትንሣኤ ነው። ሊዑል መስቀሉን አውርዶ ዝገቱን ፋቀው፤ ዚንክ ቀባው፣ ከላይ ደግሞ ቀለም። መጽሐፉ እንደሚለው ዚንክ ከብረት ቀድሞ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ብረቱ እንዳይበላ እሱ ይበላለታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት እንዳይነካው ለመንኩት። ኮሚቴው በበኩሉ በረኪናን በሙሉ ድምፅ ከልክሎ፣ ተፈጻሚነቱን የሚከታተል ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሟል። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ኃላፊነት መቀበል ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ እጠነቀቃለሁ።

ምስማሮቹን ጣልኩ። ቆርቆሮውን ግን ከነውስጡ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ክዳኑን ከፍቼ።

ሄዋን ዐሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። በአፌ ልነግራት ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። በሦስቱም ጊዜ ስለ በረኪናው ጀምሬ እዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ይህን ደብተር እሰጣታለሁ፤ ስታነብ ከፊቷ እቀመጣለሁ፣ አልነሣም። ሻይም አላቀርብም።

የእነዚህ ገጾች ተቀባይ ሄዋን ግዛው ናት፤ ልጄ።

ሄዋንዬ፣ ሳጥኑን በትክክል ነበር የሞላሽው።